ፖፕ ፒዮስ ዘጠነኛ እና የእመቤታችን ፅንሰት ዶግማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 29 ቀን፣ በሮም ከተማ ፒያሳ ዲ ስፓኛ በሚባለው አደባባይ ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። በአደባባዩ ረጅም ዓምድ ቆሟል፤ በዓምዱም ራስ ላይ የእመቤታችን ሐውልት አለ። የከተማዋ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በረጅም መሰላል ወጥተው በሐውልቱ ክንድ ላይ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፤ የሮማውም ፖፕ መጥቶ በዚያ ይጸልያል። ዕለቱ በኢጣልያ ሥራ የማይሠራበት በዓል ነው።

በዚያች ሀገርና በሌሎችም የካቶሊክ ሀገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ ልባቸው በሁለት ሐሳብ ይከፈላል። ወላዲተ አምላክ ስትከበር ማየት ደስ ያሰኛቸዋል፤ ነገር ግን የሚከበረው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እኛ ነሐሴ 7 ቀን ከምናከብረው ከፅንሰቷ በዓል ጋር አንድ ይሁን ወይም አይሁን በውል አያውቁትም። አንዳንዶች ልዩነት የለንም ብለው ይደመድማሉ። ሌሎች ደግሞ የካቶሊካውያንን አክብሮት ሁሉ በአንድነት ይንቃሉ። ሁለቱም ወገኖች ነገሩን ሳይመረምሩ የተናገሩ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ያንን በዓል ዶግማ አድርጎ ያወጀውን ሰው፣ የፖፕ ፒዮስ ዘጠነኛን ሕይወት እንተርካለን። የሰውዬውን ሕይወት ያወቀ ዐዋጁን ይረዳል፤ ዐዋጁን የተረዳም በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት የት ላይ እንደ ሆነ ይለያል። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉ እናሳስባለን።

በሕመም ውስጥ ያደገ ፍቅር

የኋላው ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1792 ሜይ 13 ቀን በአድርያቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በሴኒጋልያ ከተማ ተወለደ። ስሙም ጆቫኒ ማሪያ ማስታይ ፌሬቲ ተባለ። ቤተሰቡ ከመኳንንት ወገን ሲሆን እርሱ ለወላጆቹ ዘጠነኛ ልጅ ነበር። ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት እሳት ወደ ኢጣልያ የተሻገረበት፣ ፈረንሳውያን ሁለት ፖፖችን በተከታታይ ማርከው ወደ ፈረንሳይ የወሰዱበት ዘመን ነበር። ሕፃኑ ጆቫኒ የቤተ ክርስቲያኑ አለቆች ሲዋረዱ እየሰማ አደገ፤ ይህም በልቡ ታትሞ ኖረ።

በወጣትነቱ ሌላ መከራ ደረሰበት። የሚጥል በሽታ ያዘው። በዚያ ዘመን ለዚህ ደዌ መድኃኒት አልነበረውም፤ ሰውም በፍርሃት ያየው ነበር። በ1815 በፖፑ የክብር ዘበኞች ውስጥ ለመግባት ሲጠይቅ በሕመሙ ምክንያት ተከለከለ። ክህነትም ቢሆን የራቀ መሰለው። በዚህ ጊዜ ወደ ሎሬቶ ሄዶ ጸለየ። ሎሬቶ ካቶሊካውያን የእመቤታችን የናዝሬት ቤት ይገኝበታል ብለው የሚሳለሙት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየቀለለለት ሄደ፤ እርሱም ፈውሱን የእመቤታችን አማላጅነት ፍሬ አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

በ1819 ቅስና ተቀበለ። በመጀመሪያ ሕመሙ በመሥዋዕቱ መካከል እንዳይነሣበት ሌላ ካህን አብሮት እንዲቆም ታዝዞ ነበር፤ ቆይቶ ግን ይህ ግዴታ ተነሣለት። የመጀመሪያ አገልግሎቱንም የጀመረው በሮም በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነው። እናት የሌላቸውን ልጆች ያስተምር፣ ይመግብ ነበር። ከ1823 እስከ 1825 ከፖፑ መልእክተኛ ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ እስከ ቺሊ ድረስ ተጓዘ፤ ከእርሱ በፊት ፖፕ ከሆኑት መካከል አሜሪካን ያየ አልነበረም። በ1827 ገና በ35 ዓመቱ የስፖሌቶ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በ1832 ወደ ኢሞላ ተዛወረ፤ በ1840 ካርዲናልነቱ ታወጀ።

እዚህ ላይ ልንስተው የማይገባን ነገር አለ። ይህ ሰው እመቤታችንን የወደዳት በመጽሐፍ ክርክር አልነበረም። ደዌ በያዘው፣ ሰው በራቀው ጊዜ ወደ እርሷ ጮኾ መጽናናትን አገኘ። በጭንቁ ጊዜ አዛኝቱን የጠራ ኦርቶዶክሳዊ ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ስለዚህ በኋላ የምንነቅፈውን ስንነቅፍ ፍቅሩን ሐሰት ነው አንልም።

ከእልልታ ወደ ስደት

በ1846 ጁን 16 ቀን ጆቫኒ ማሪያ በ54 ዓመቱ ፖፕ ሆኖ ተመረጠ፤ ፒዮስ ዘጠነኛም ተባለ። በዚያን ጊዜ የሮማው ፖፕ የሃይማኖት አባት ብቻ አልነበረም፤ በመካከለኛው ኢጣልያ ሰፊ ግዛት፣ ጦርና ፖሊስ፣ ወኅኒ ቤትና ግብር ሰብሳቢ ያለው ንጉሥም ነበር። ይህ ሁለት ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ መሆኑ የሕይወቱን ታሪክ ሁሉ ለመረዳት ቁልፍ ነው።

አዲሱ ፖፕ በተመረጠ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ለፖለቲካ እስረኞች ምሕረት አደረገ። ሕዝቡ በየአደባባዩ እልል አለለት። ኢጣልያን አንድ የሚያደርጋት እርሱ ነው ብለው ተስፋ ያደረጉም ብዙዎች ነበሩ። በ1848 ለግዛቱ ሕገ መንግሥት ሰጠ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሕዝቡ ኢጣልያን ከያዘችው ከኦስትሪያ ጋር እንዲዋጋ ሲጠብቀው፣ የሁሉ አባት ነኝና በካቶሊክ ሕዝብ ላይ ጦር አላዘምትም የሚል ውሳኔውን አስታወቀ። እልልታው ወደ ቁጣ ተለወጠ። በኖቬምበር 15 ቀን ዋና ሚኒስትሩ ፔሌግሪኖ ሮሲ በሮም ተገደለ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ፖፑ የተራ ካህን ልብስ ለብሶ በሌሊት ከሮም ወጣ፤ በኔፕልስ መንግሥት ግዛት ወደምትገኘው ወደ ጋኤታ ተሰደደ። በሮምም ሪፐብሊክ ታወጀ።

በስደት ያለው ፖፕ በወጣትነቱ እንዳደረገው ወደ እመቤታችን ተመለሰ። በ1849 ፌብሩዋሪ 2 ቀን ከጋኤታ በዓለም ላሉ የካቶሊክ ጳጳሳት ሁሉ መልእክት ላከ። የመልእክቱም ቁም ነገር ሕዝባቸውና ካህናታቸው ስለ እመቤታችን ፅንሰት ምን እንደሚያምኑ፣ ይህም ነገር ዶግማ ሆኖ ቢታወጅ ምን አሳብ እንዳላቸው እንዲጽፉለት የሚጠይቅ ነበር።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ በቀይ ባሕር ዳር በምጽዋ የላዛሪስቱ ማኅበር መነኩሴ ጁስቲኖ ዴ ያኮቢስ በጉልዬልሞ ማሳያ እጅ ጳጳስ ሆኖ መሾሙን ማስታወስ ተገቢ ነው። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የሚሰብኩበት፣ ሊቀ ጳጳሳችን አቡነ ሰላማም አጥብቀው የሚቃወሟቸው ጊዜ ነበር። ስለዚህ በሮም ስለ እመቤታችን የሚነገረው ነገር ለአባቶቻችን የሩቅ ወሬ አልነበረም። ሚሲዮናውያኑ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ግን ወላዲተ አምላክ በውዳሴና በቅዳሴ፣ በሰዓታትና በማኅሌት ከጥንት ጀምሮ ስትመሰገን አገኙ እንጂ ክብሯን ያመጡት እነርሱ አልነበሩም።

ዶግማው ምን ይላል?

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበትን ነገር አስቀድመን እናርም። ካቶሊካውያን በዲሴምበር 8 የሚያከብሩት የጌታችንን በድንግልና መፀነስ አይደለም። ነገሩ እመቤታችን ራሷ ከኢያቄምና ከሐና ስለ ተፀነሰችበት ሰዓት ነው። ዶግማው የሚለው፣ ድንግል ማርያም በተፀነሰችበት በመጀመሪያዋ ቅጽበት በልዩ የእግዚአብሔር ጸጋ፣ ልጇ ኢየሱስ ክርስቶስ ስለሚፈጽመው ቤዛነት አስቀድሞ ታስቦላት፣ ከአዳም ከሚወረሰው ኃጢአት ተጠብቃለች ነው። በኢያቄምና በሐና ዘንድ የተደረገው ፅንስ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ በወንድና በሴት መሆኑን እነርሱም አይክዱም።

የፅንሰቷ በዓል የመጣው ከምሥራቅ ነው። የምሥራቅ ክርስቲያኖች ሐና በእርጅናዋ የፀነሰችበትን ቀን ሲያከብሩ ከኖሩ በኋላ በዓሉ ወደ ምዕራብ ተሻገረ፤ በ11ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ ይከበር ነበር። በምዕራብ ግን በዓሉ ክርክር አስነሣ። በ12ኛው መቶ ዓመት እመቤታችንን እጅግ በማመስገን የታወቀው የክሌርቮው በርናርዶስ በዓሉን ተቃወመ። ከእርሱም በኋላ የካቶሊካውያን ታላቅ ሊቅ ቶማስ አኵይናስ ትምህርቱን አልተቀበለም። የሁለቱም ጭንቀት አንድ ነበር። ከኃጢአት ፈጽማ ያልተነካች ከሆነች ክርስቶስ ለእርሷ መድኃኒት መሆኑ እንዴት ይነገራል የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ያዘጋጀው በ1308 ያረፈው የፍራንቸስካውያን መምህር ዱንስ ስኮተስ ነው። እርሱ እንዳስተማረው፣ የወደቀን ማንሣት ማዳን እንደ ሆነ ሁሉ እንዳይወድቅ መጠበቅም ማዳን ነው፤ እንዲያውም የሚበልጠው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንቸስካውያን ደገፉት፤ ዶሚኒካውያን ተቃወሙት። ፖፕ ሲክስቶስ አራተኛ በ1476 በዓሉን አጸደቀ፤ በ1483 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ሌላውን መናፍቅ እንዳይል ከለከለ። በ1708 በዓሉ በካቶሊክ ዓለም ሁሉ እንዲከበር ታዘዘ። በ1830 በፓሪስ አንዲት መነኩሲት ካተሪን ላቡሬ አየሁ ባለችው ራእይ መሠረት የተሠራው ሜዳልያ በሚሊዮኖች አንገት ላይ ሲውል ደግሞ ትምህርቱ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በገበሬውና በሠራተኛው ቤት ገባ።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህ ነገር በምዕራብ የጸሎትና የክርክር ጉዳይ ነበር። የተቀበለውም ያልተቀበለውም በአንድ መሠዊያ ዙሪያ ይቆሙ ነበር።

የ1854ቱ ዐዋጅ

ፖፑ በፈረንሳይ ጦር ድጋፍ በ1850 አፕሪል ወደ ሮም ተመለሰ። ለላከው መልእክት ከ603 ጳጳሳት መልስ መጣለት፤ ከእነዚህም 546ቱ ዶግማው እንዲታወጅ የሚደግፉ ነበሩ። የቀሩት አንዳንዶቹ ጊዜው አይደለም አሉ፤ ጥቂቶችም ነገሩ ዶግማ ሊሆን አይገባም አሉ።

በ1854 ዲሴምበር 8 ቀን በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ካርዲናሎችና ጳጳሳት በተገኙበት ፒዮስ ዘጠነኛ ዐዋጁን አነበበ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ትናንት ሊቃውንት ሊለያዩበት የሚችሉት ነገር ያላመነበት ሁሉ ከሃይማኖት የወጣ የሚባልበት ሆነ። በርናርዶስና ቶማስ ከዚያ በኋላ ተወልደው ቢሆን ኖሮ ያንን ጥያቄ መጠየቅ ባልተፈቀደላቸውም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በመግቢያችን የጠቀስነው ዓምድ በፒያሳ ዲ ስፓኛ ተተከለ።

ፖፑ ጳጳሳቱን መጠየቁ እውነት ነው፤ ይህን መሰወር ታማኝነት አይሆንም። ነገር ግን መጠየቅ ሌላ ነው፤ በጉባኤ መወሰን ሌላ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ንስጥሮስን በተቃወመ ጊዜ ነገሩ በራሱ ቃል አልተፈጸመም። በ431 በኤፌሶን አባቶች ተሰበሰቡ፤ መረመሩ፤ ድንግል ማርያም ወላዲተ አምላክ መሆኗን በአንድ ድምፅ መሰከሩ። ያም ጉባኤ የተሰበሰበው መናፍቅ ስለ ተነሣ፣ የክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት ስለ ተነካ ነበር። በ1854 ግን የእመቤታችንን ንጽሕና የካደ መናፍቅ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥቶ አልነበረም። ዐዋጁ የወጣውም ጳጳሳቱ ቆመው እየሰሙ በአንድ ሰው ሥልጣን ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ በፈረንሳይ ሉርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በርናዴት ሱቢሩ የተባለች የ14 ዓመት ድኻ ልጃገረድ በዋሻ ደጃፍ አንዲት እመቤት እንደ ተገለጠችላት ተናገረች፤ የተገለጠችላትም እመቤት ራሷን በዶግማው ስም እንደ ጠራች መሰከረች። ካቶሊካውያን ይህን የዐዋጁ ማኅተም አድርገው ተቀበሉት፤ ሉርድም እስከ ዛሬ ድረስ ሕሙማን የሚጎርፉባት ቦታ ሆነች።

የአንዲት እናት ልቅሶ

በዚያው በ1858፣ በፖፑ ግዛት በነበረችው በቦሎኛ ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። በጁን ወር በአንድ ሌሊት የፖፑ ፖሊሶች የአይሁዳውያኑን የሞርታራን ቤት አንኳኩ። የስድስት ዓመት ልጃቸውን ኤድጋርዶን ከእናቱ ከማሪያና እጅ ሊወስዱ ነበር የመጡት። ምክንያቱም ሕፃኑ ከዚህ በፊት በታመመ ጊዜ የቤቱ ሠራተኛ የሆነች ካቶሊካዊት ይሞታል ብላ ፈርታ በስውር ውኃ አፍስሳ አጥምቃው ነበር። በግዛቱ ሕግ የተጠመቀ ልጅ በአይሁድ ወላጆች እጅ ማደግ አይችልም ነበር።

ወላጆቹ እስከ ሮም ድረስ ሄደው ለመኑ። የዓለም ጋዜጦች ጻፉ። ፖፑን በጦሩ የሚጠብቀው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ሳይቀር ልጁ ይመለስ ዘንድ ጠየቀ። ፒዮስ ዘጠነኛ ግን አልመለስም አለ። ሕሊናው እንደማይፈቅድለት፣ የተጠመቀን ነፍስ አሳልፎ መስጠት እንደማይችል አስታወቀ። ልጁን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደገው። ኤድጋርዶ አድጎ ካህን ሆነ፤ ፖፑንም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ እንደ አባቱ ወደደው፤ በ1940 በቤልጅየም አረፈ። እናቱ ግን ልጇን አጣች።

ይህን የምንጽፈው የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ገመና ለመግለጥ አይደለም። የሕይወቱ ታሪክ ያለዚህ ምዕራፍ ሊነገር ስለማይችል ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ እናት የሌላቸውን ልጆች አሳድጎ ነበር። የእናታችንን ክብር ለዓለም አውጆ ነበር። ነገር ግን የሃይማኖት ሥልጣንና የፖሊስ ሥልጣን በአንድ እጁ በተገናኙ ጊዜ፣ የአንዲት እስራኤላዊት እናት ልቅሶ ከሕጉ በታች ሆነበት። ድንግል ማርያም ራሷ ከእስራኤል ወገን መሆኗን፣ ልጇን ከንጉሥ ወታደሮች ለማዳን ታቅፋው ወደ ግብፅ መሰደዷን፣ በሦስት ቀንም ፍለጋ በኀዘን መድከሟን የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ሳይቆረቆር ሊያነብበው አይችልም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የሚጠመቁት በወላጆቻቸው እምነት ነው፤ ጥምቀት ሕፃንን ከእናቱ እቅፍ የሚነጥቅ ሰይፍ ተደርጎ አይታሰብም።

ከ1854 ወደ 1870

ፖፑ ግዛቱን ከዓመት ወደ ዓመት አጣ። በ1860 አብዛኛው ምድሩ ወደ አዲሱ የኢጣልያ መንግሥት ተጠቃለለ። በ1864 ዲሴምበር 8 ቀን፣ ዶግማው በታወጀ በአሥረኛው ዓመት፣ የዘመኑን ስሕተቶች የሚዘረዝር ጽሑፍ አወጣ። በ1869 ደግሞ በዚያችው ቀን በቫቲካን ታላቅ ጉባኤ ከፈተ። ሦስቱም ነገሮች በአንድ ቀን መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሥልጣኑን የሚያጸናበትን ሁሉ በእመቤታችን ፅንሰት በዓል ጥላ ሥር ያደርገው ነበር።

በዚህ ጉባኤ በ1870 ጁላይ 18 ቀን የሮማው ፖፕ ከመንበሩ ሆኖ ስለ ሃይማኖትና ስለ ምግባር ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሲወስን አይሳሳትም የሚለው ዶግማ ጸደቀ። 533 ጳጳሳት ደገፉ፤ ሁለት ተቃወሙ። ከ50 የሚበልጡ ሌሎች ግን በፖፑ ፊት ተቃውሟቸውን ላለመናገር ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ከሮም ወጥተው ሄደው ነበር። ከዚህም የተነሣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ብዙዎች ተለይተው ብሉያን ካቶሊካውያን የተባሉትን አቋቋሙ።

አሁን የ1854ቱ ነገር ምን እንደ ነበረ በግልጥ ይታያል። የፖፑ አለመሳሳት በቃል ከመታወጁ 16 ዓመት በፊት በሥራ ተፈጽሞ ነበር። ዓለም በእመቤታችን ክብር ደስ ሲሰኝ፣ አንድ ሰው ብቻውን ዶግማ ማወጅ እንደሚችል አብሮ ተቀበለ። ማን ነው በእናቱ ክብር ላይ እጁን የሚያነሣ? በ1950ም ፖፕ ፒዮስ አሥራ ሁለተኛ የእመቤታችንን በሥጋ ማረግ በዚሁ መንገድ ዶግማ አድርጎ አወጀ።

የምሥራቅ ክርስቲያኖች ይህን አደጋ ቀድመው አይተውት ነበር። በ1848 መጀመሪያ ፒዮስ ዘጠነኛ በሮም ሥር እንዲሆኑ የሚጋብዝ ደብዳቤ በላከ ጊዜ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክሳውያን አራቱ ፓትርያርኮች በአንድነት መልስ ሰጥተውት ነበር። የመልሳቸው ፍሬ ነገር የሃይማኖት ጠባቂ አንድ መንበር ሳይሆን መላው የቤተ ክርስቲያን አካል፣ ሕዝቡ ራሱ ነው የሚል ነበር። በኬልቄዶን ምክንያት ከእነርሱ ብንለይም፣ በዚህ ነገር ቃላቸው ከአባቶቻችን ትምህርት ጋር የሚስማማ ነው።

ፍጻሜው

የአለመሳሳት ዶግማ ከታወጀ ከሁለት ወር በኋላ፣ በ1870 ሴፕቴምበር 20 ቀን፣ የኢጣልያ ጦር የሮምን ቅጥር ሰብሮ ገባ። ከሺሕ ዓመት በላይ የኖረው የፖፖች ምድራዊ መንግሥት በዚያች ቀን አበቃ። ፒዮስ ዘጠነኛ የኢጣልያ መንግሥት ያቀረበለትን ሕግና ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ራሱን የቫቲካን እስረኛ አድርጎ ቆጠረ፤ ከዚያም በኋላ ከቅጥሩ አልወጣም። በ1878 ፌብሩዋሪ 7 ቀን በ85 ዓመቱ ዐረፈ። በመንበሩ ላይ ከ31 ዓመት በላይ ተቀምጧል፤ በታሪክ ዘመኑ በውል ከታወቀ የሮም ፖፖች መካከል የዚህን ያህል የቆየ የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1881 አስከሬኑ በሌሊት ወደ ቅዱስ ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ሲዛወር የተቃዋሚዎች ሕዝብ ሬሳ ሣጥኑን ወደ ቲቤር ወንዝ ሊጥል ሞከረ። በዚያው ከተማ በ1846 እልል የተባለለት ሰው ነበር። በ2000 ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ብፁዕ ብሎ ሰየመው፤ በዚህም ጊዜ የሞርታራ ታሪክ ዳግመኛ ተነሥቶ የአይሁድ ማኅበረሰብ ተቃውሞውን አሰምቷል።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ዲሴምበር 8 እና ነሐሴ 7 አንድ ናቸውን? ሁለቱም የእመቤታችንን ፅንሰት ያስባሉ፤ ሥራቸውም ከምሥራቅ ነው። ዲሴምበር 8 ግን ከ1854 ወዲህ የአንድ ዐዋጅ በዓል ጭምር ሆኗል። ነሐሴ 7 በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ምእመናን በጾምና በቅዳሴ ሱባዔ ላይ ሳሉ፣ እግዚአብሔር የኢያቄምንና የሐናን ዕንባ የተመለከተበትን ቀን የምናስብበት ነው። በላዩ የማንም ሰው የሥልጣን ማኅተም የለበትም።

ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን በሐሳብ፣ በቃልና በገቢር ንጽሕት መሆኗን፣ ለአምላክ ማደሪያነት አስቀድማ የተመረጠችና የተጠበቀች መሆኗን ታስተምራለች። ይህን የምናስተምረው ከሮም ዐዋጅ ተምረን አይደለም። ዐዋጁ ከመውጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አባቶቻችን በውዳሴ ማርያምና በቅዳሴ ማርያም ሲያመሰግኗት ኖረዋል። የምእመኑ እምነት በየዕለቱ በሚጸልየው ጸሎት ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ሰው ተነሥቶ እንዲያጸድቅለት አይጠብቅም። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ንጽሕናዋ ያለንን ትምህርት ከካቶሊክ የተወሰደ ነው ቢለን ዓመታቱን ቆጥረን እንመልስለታለን፤ ሌላው ደግሞ ልዩነት የለንም ቢለን፣ ክብሯ የተነገረበትን ሥልጣን እንዲመረምር እንጠይቀዋለን።

ሁለተኛው ትምህርት ለእኛ ለራሳችን ነው። ፒዮስ ዘጠነኛን የፈተነው ነገር በሮም ብቻ የሚገኝ አይደለም። እመቤታችንን የሚወድ ሰው ሁሉ ፍቅሯን ለራሱ ክብር መሰላል የማድረግ ፈተና አለበት። በስሟ ማኅበር መሥርተን በስሟ የምንጣላ፣ በዝክሯ ቀን ድኻዋን እናት ከደጅ የምንመልስ፣ ስለ ንጽሕናዋ በመሟገት ጊዜ አንደበታችንን በስድብ የምናረክስ ከሆንን፣ ያ ጥንታዊ ፖፕ የሳተበትን መንገድ በትንሹ እየሄድንበት ነው። የእመቤታችን ክብር በምሕረት ካልተገለጠ ከአደባባይ ዓምድ አያልፍም።

ሦስተኛው፣ በካቶሊክ ሀገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን የምንለው ነው። ጎረቤቶቻችሁ አበባ ይዘው ወደ አደባባዩ ሲሄዱ አትናቋቸው፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ሕመምተኛ ወጣት ወደ ሎሬቶ የሚሄዱ፣ እናት ፈላጊ ነፍሳት ናቸው። ነገር ግን የእናንተ ስፍራ በራሳችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ በኪዳኑና በቅዳሴው፣ ልጆቻችሁን ውዳሴ ማርያም በምታስተምሩበት ቤት መሆኑን አትዘንጉ። ልጆቻችሁ ስለ ልዩነቱ ሲጠይቋችሁ ዝም አትበሏቸው፤ በጥላቻም አትመልሱላቸው። የዚህን ሰው ሕይወት ከነፍቅሩና ከነስሕተቱ ንገሯቸው፤ የሃይማኖት ጠባቂ አንድ ዙፋን ሳይሆን በመንፈስ ቅዱስ የምትመራ መላዋ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ከዚያ ይረዱታል።

የወላዲተ አምላክ አማላጅነቷ፣ የልጇ የወዳጇ ቸርነት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።